መቶ ስምንት ኪሎ ለአርባ ዘጠኝ ተኩል

በዚያ የቦክስ ማኅበር ግቢ ውስጥ ማንንም ያልመታ፣ በማንም ያልተመታ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የኮምፒውተሩን መዝገብ የሚይዘው ባለዳታው። ሌላው ሁሉ፣ ከአሰልጣኞቹ እስከ በር ጠባቂው፣ ወይ አፍንጫው ዞሯል ወይ ጆሮው ተጨማዷል። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ አንድ አፈኛ ሻምፒዮን በመጥረጊያ እጀታ ዘርራለች ይባላል። ባለዳታው ግን ሰው ገና ከሩቅ ሲቆጣ «እሺ» ስለሚል ለቡጢ ምክንያት ሰጥቶ አያውቅም። ከዚህ የተነሳ የወጣለት ስም ተረስቶ «እሺታ» ተብሎ ቀረ።

«የኔ ልጅ ጨዋ ነው፤» ትላለች እናቱ።

«አንገት ደፊ አገር አጥፊ፤» ይላል ታናሽ ወንድሙ።

ይህ ታናሽ ወንድም በግቢው «ትንኝ» ነው የሚባለው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ክንዱ መጥረጊያ፣ ምላሱ ምላጭ። ቦክሰኛ ሲሆን እናቱ ሁለት ቀን አልቅሳ፣ በሦስተኛው ቀን እሺታን ከሥራ መልስ በር ላይ ጠብቃ፦ «አንተ እዚያው ነህ አይደል? በሕይወት ይዘኸው ግባ፤ ሌላ ነገር አልፈልግም» አለችው። እሺታ ምን እንዳላት መገመት አያዳግትም።

የማኅበሩ ትልቁ ሕግ በሊቀ መንበሩ በር ላይ ተጽፎ ተለጥፏል፦ «ድልድልን የሰው እጅ አይነካውም።» ነገሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት ማን ከማን እንደሚጋጠም የሚወስኑት አሰልጣኞቹ ነበሩ። አንደኛው የእኅቱን ልጅ ዛሬ ከታመመ፣ ነገ ካነከሰ፣ ከነገ ወዲያ እንቅልፍ ካጣ ጋር እያጋጠመ ሻምፒዮን ሊያደርገው ሲል ተነቃበትና አዳራሹ ውስጥ ወንበር በረረ። በዚያ ቀን ከሪንጉ ውስጥ ይልቅ ከሪንጉ ውጭ ብዙ ጥርስ ወለቀ። ሴት፣ ሽማግሌ አልተለየም። አራት ሰው ሆስፒታል ገባ፤ አንዱ እስከ ዛሬ የሚያኝከው በአንድ ወገን ነው።

እሺታ የተቀጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ድልድሉን የሚያወጣ ነገር ሠራ፤ የቦክሰኞቹ መዝገብ የተቀመጠበት ዳታቤዝ ሆድ ውስጥ ተኝቶ፣ ሲጠሩት ብቻ ተነስቶ የታዘዘውን ከዳር እስከ ዳር የሚፈጽም የትእዛዝ ጥቅል። ባለሙያዎቹ ስቶርድ ፕሮሲጀር ይሉታል፤ የግቢው ሰው ግን እንደ ባልደረባ «ፕሮሲጀሩ» እያለ ነበር የሚጠራው። «ፕሮሲጀሩ ተነሳ?» «ፕሮሲጀሩ ምን ፈረደ?» ሥራው ቀላል ነው። ጠዋት የተመዘኑትን ቦክሰኞች ከትንሽ ኪሎ ወደ ትልቅ ይደረድራል፤ አንደኛውን ከሁለተኛው፣ ሦስተኛውን ከአራተኛው እያለ ያጋጥማል፤ ወረቀት ያትማል። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ሊቀ መንበሩም ቢሆን አይነካውም። የቀድሞውን ወረቀት ሊሽረው የሚችለው ከዚያው ማሽን የወጣ አዲስ ወረቀት ብቻ ነው።

ክብደቱን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡት ደግሞ መዛኙ ናቸው። የድሮ ቦክሰኛ ናቸው፤ ከአሥሩ ጣታቸው ስምንቱ ተሰብረው እንደፈለጉ ስለገጠሙ በአንዲት አመልካች ጣት ነው የሚጽፉት። ጽሑፍ ደግሞ ይወዳሉ። ሚዛን ላይ የወጣ ሰው ለሳቸው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ታሪክ ነው። «63 ከነጫማው» ይጽፋሉ። «71 ገደማ።» «80 ሳይበላ።»

መጀመሪያ ላይ ፕሮሲጀሩ ይህን አይቀበልም ነበር። እሺታ የክብደቱን ቦታ ለቁጥር ብቻ ነበር ያዘጋጀው፤ ቁጥር ያልሆነ ሲመጣበት ስክሪኑ ላይ «ስህተት፦ ይህ ቁጥር አይደለም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ያወጣና ሥራ ያቆማል። አንድ ቀን ታዲያ፣ አዳራሹ በእንግዳ ተሞልቶ፣ ሊቀ መንበሩ ጣታቸውን ወደ ትልቁ ስክሪን ቀስረው «እነሆ ዘመናዊው ድልድላችን!» ባሉበት ቅጽበት ስክሪኑ ቀይ ለበሰ። እንግዳ ሳቀ። ሊቀ መንበሩ የድሮ ከባድ ሚዛን ናቸው፤ እሺታን ኮሌታውን ይዘው ከወንበሩ አንስተው ግድግዳው ላይ እንደ ካሌንደር ሰቀሉት።

«ይሄ ቀይ ነገር ሁለተኛ ስክሪኔ ላይ ከታየ፣» አሉ፣ ምራቃቸው ግንባሩ ላይ እያረፈ፣ «ቀይ የማደርገው አንተን ነው። ገባህ?»

«እሺ ጌታዬ።»

ወርዶ ሄዶ የክብደቱን ቦታ ከቁጥር ወደ ጽሑፍ ቀየረው። ፕሮሲጀሩንም ጽሑፍ እንዲቀበል አድርጎ አስተካከለው። በሌላ አነጋገር፣ በር ላይ ቆሞ መታወቂያ የሚጠይቀውን ጥበቃ አባርሮ በሩን ለመጣ ሁሉ ከፈተው። ከዚያ በኋላ «ገደማ»ውም «ከነጫማው»ም እየተጎማለለ ገባ፤ ቀይ የሚባል ጠፋ፤ መዛኙ «አሁን ገና ሰው ሆነ!» ብለው ማሽኑን አመሰገኑት።

ስምንት ወር ሙሉ ምንም አልሆነም። ይሄ ነው ክፉው ነገር። ወዲያው ቢበላሽ ኖሮ ወዲያው ይታወቅ ነበር።

ዘጠነኛው ወር ላይ «ክሬን» መጣ።

ክሬን ጫኝና አውራጅ ነበር። በር ሲገባ መጀመሪያ ትከሻው ይገባል፣ ቀጥሎ ሌላኛው ትከሻው፣ በመጨረሻ እሱ። ቅዳሜ ጠዋት ሚዛን ላይ ሲወጣ መዛኙ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው ደግመው አዩ። 108። በማኅበሩ ታሪክ መቶ ያለፈ ሰው ሲመዘን የመጀመሪያው ነው። ከሱ ቀጥሎ ትንኝ ወጣ፤ መርፌዋ እንደ ነገሩ ብድግ አለች። መዛኙ በአንዲት ጣታቸው «49 ተኩል» ብለው ጻፉ። ከነሱ በፊት የተመዘኑትንም እንደ ልማዳቸው «63 ከነጫማው»፣ «71 ገደማ»፣ «80 ሳይበላ» ብለው ጽፈዋቸው ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ትንኝ ግድግዳው ጋ የተለጠፈውን ወረቀት አይቶ፣ እጁን በፋሻ እየጠቀለለ ወደ እሺታ ቢሮ ገባ። ቢሮዋ ከአዳራሹ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ መስኮቷ በቀጥታ ሪንጉን ያያል።

«ወንድም ጋሼ፣ ያንተ ፕሮሲጀር ቂም አለው እንዴ?»

«ምን ሆነ?»

«የመጀመሪያው ግጥሚያ የኔ ነው። ከማን ጋር መሰለህ?» ትንኝ እጁን እስከቻለው ዘረጋና ጉንጩን ነፋ።

እሺታ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። ከዚያ የድልድሉን ዝርዝር ስክሪኑ ላይ አወጣና ሳቁ እዚያው አፉ ውስጥ ደረቀ። አንደኛ፦ 108። ሁለተኛ፦ 49 ተኩል። ሦስተኛ፦ 51። አራተኛ፦ 54።

ወዲያው ገባው። ጽሑፍ የሚደረደረው እንደ መዝገበ ቃላት ነው፤ የመጀመሪያውን ምልክት አይቶ ይፈርዳል። 1 ከ4 ይቀድማል፤ አለቀ። ከ1 ኋላ ስንት ተሰልፎ እንደቆመ ዞሮ አያይም። ስምንት ወር ሙሉ የተመዘነው ሰው ሁሉ ባለ ሁለት አሃዝ ስለነበር ቁጥርም ሆነ ጽሑፍ ልዩነት አላመጣም። ባለ ሦስት አሃዝ ሰው ሲመጣ ግን ማሽኑ «ከሁሉም ቀላሉ» ብሎ ከፊት አሰለፈውና ከትንኝ ጋር አጣመረው።

«አትግባ፤» አለው።

«ካልገባሁ ሁለት ዓመት እታገዳለሁ። ደግሞ እማዬ መጥታለች። ሦስተኛው ረድፍ።»

«ይገድልሃል!»

«ትንኝ ዝሆንን እንቅልፍ እንደምትነሳ አልሰማህም?» አለና ወጣ። አንገቱ ላይ ያለችው ሥር ግን ስትዘል እሺታ አይቷታል።

ሊቀ መንበሩ ፊት ለመድረስ ሦስት ደረጃ አንድ ላይ ነበር የዘለለው። ሰውየው ከሪንጉ ጎን ተቀምጠው ጢም ያለውን አዳራሽ እያዩ ጣታቸውን ያንቋቋሉ።

«ጌታዬ፣ ድልድሉ ተሳስቷል። ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ነው የደረደረው። እባክዎ የመጀመሪያውን ግጥሚያ ይሰርዙት።»

«እኔ?» ደረታቸውን ያዙ። «በዚህ እጄ? በሩ ላይ ምን ተጽፏል? አንብብልኝ።»

«የሰው እጅ አይነካውም...»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?» ሌማት የሚያክል መዳፋቸውን አፍንጫው ሥር ዘረጉለት። «የሰው እጅ አይደለም? ወንድምህ ስለሆነ ነው አይደል? ያው የእኅት ልጅ ነገር በወንድም መጣ! ወንበር እንዲበር ነው የምትፈልገው? ሌላ ወረቀት ከማሽኑ አውጣልኝ፤ ያን ጊዜ አቆማለሁ። ከዚያ በፊት ትንፍሽ እንዳትል!»

«እሺ ጌ...» ሲል ደወሉ ተደወለ።

ወደ ቢሮው ሲሮጥ ከኋላው የመጀመሪያው ቡጢ ሲያርፍ ሰማ። እርጥብ ጆንያ ከመኪና ላይ ሲወረወር የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። አዳራሹ «ዋይ!» አለ፤ ከዚያ አጨበጨበ።

ቁጭ አለ። በመስኮቱ ትንኝ ገመዱ ላይ ተሰቅሎ ሲወርድ፣ ግራ ዓይኑ ሥር ቆዳው ተሰንጥቆ ደም እስከ አገጩ ሲወርድ ያያል። ፕሮሲጀሩን ከፍቶ አንዲት መስመር ጨመረ፦ ከመደርደርህ በፊት ጽሑፉን ሁሉ ወደ ቁጥር ቀይር። አስነሳው።

ስክሪኑ ቀይ ሆነ። «49 ተኩል» የሚለውን ወደ ቁጥር መቀየር አይቻልም። ሥራው ተቋርጧል።

የገዛ ወንድሙ ነው እንቅፋት የሆነበት። የአንድ ሰው ክብደት ስላልተቀየረ የአሥራ ሁለቱም ቦክሰኞች ድልድል ቆመ፤ ወረቀት የለም።

«ውደቅና ቅር እንጂ አንተ ልጅ!» የክሬን ድምፅ በመስኮቱ ገባ። ግዙፉ ሰውዬ ሊለማመጥ ምንም አልቀረው። «እባክህ! እኔ ልጅ መምታት አልለመድኩም!»

«ምታ እንጂ፣ ማቀዝቀዣ!» አለ ትንኝ፣ ደም እየተፋ። «ሰው ሲቀርብህ አያትህ ልትስምህ የመጣች ይመስልሃል!» ገብቶ ሁለት ጊዜ ሆዱን ወጋው። ክሬን የተሰማውም አይመስል። ሕዝቡ ግን ሳቀ፤ ሲሳቅበት ደግሞ የክሬን ፊት ተቀየረ። ከላይ ወደ ታች፣ እንደ መዶሻ፣ አንድ ጊዜ አወረደበት። ትንኝ በጉልበቱ ተንበረከከ። ዳኛው መቁጠር ጀመረ። ሰባት ላይ ተነሳ። የአንደኛው ዙር ማብቂያ ደወል ተደወለ።

እሺታ አንድ ደቂቃ እረፍት አገኘ። ሌላ መንገድ ያውቃል፤ ለስላሳውን። መቀየር ያቃተህን ዝም ብለህ ባዶ አድርገው፣ አትጩህ፣ እለፍ። እሱም ራሱ ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረው እንዲሁ ነበር። ጻፈው፤ አስነሳው። ቀይ የለም። ወረቀቱ ከማተሚያው እየተንፏቀቀ ወጣ። ብድግ ብሎ ሊሮጥ ሲል ዓይኑ የመጀመሪያው መስመር ላይ አረፈ።

ፕሮሲጀሩ ያልገባውን ሁሉ ባዶ አድርጎ ባዶዎቹን ከፊት ሰብስቧቸዋል፤ ባዶ ከባዶ ጋር ደግሞ እኩያ ነው። ትንኝ የተጣመረው ከ«80 ሳይበላ» ጋር ነው። ሰውዬው ሥጋ ቆራጭ ነው፤ ባለፈው ወር የአንዱን መንጋጋ ለሁለት ከፍሎታል። በዚያ ላይ አሁን በልቷል።

የሁለተኛው ዙር መጀመሪያ ደወል ተደወለ።

ለአንድ አፍታ «ከመቶ ስምንት ሰማንያ አይሻልም?» ብሎ አሰበ። ወረቀቱን ቀዶ ጣለው።

«አባባ!» ብሎ በመስኮቱ ጮኸ። በሕይወቱ ሲጮኽ የመጀመሪያው ነው፤ ድምፁ እንደ ጎረምሳ ተሰነጠቀ። መዛኙ እያዘገሙ መጡ። «አባባ፣ ከነጫማው ማለት ስንት ማለት ነው?»

«ጫማው ጥሩ ጫማ ነበር...»

«ስንት ኪሎ!»

«አንድ።» ሽማግሌው ደነገጡ። «ምነው ልጄ፣ ምን ነካህ?»

«ገደማው?»

«ገደማ ምን ስንት አለው? ገደማ ነው እንጂ።»

«ቁጥር ነው የምፈልገው! ወንድሜ እየሞተ ነው!»

መዛኙ ወደ ሪንጉ ዞሩ። ክሬን ትንኝን ጥግ አስይዞ ነበር። ከእንግዲህ ልምምጥ የለም፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ቶሎ እንዲያልቅለት እየተመኘ ነው የሚመታው። አንድ የጎድን አጥንት ስትሰበር እዚህ ድረስ ተሰማች። የልጁ የአፍ መከላከያ በረረና የሦስተኛው ረድፍ ሴትዮ ጭን ላይ አረፈ። ሴትዮዋ እናቱ ነበረች። ብድግ አለች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ ወደ ክሬን አልነበረም የወረወረችው፤ ወደ ሊቀ መንበሩ ነው። ተረከዙ ጆሯቸውን አገኘው።

«ሰባ አንድ ከሁለት መቶ ግራም፤» አሉ መዛኙ። «ሰማንያው ሰማንያ ነው። መብላት አለመብላቱ... ሰማንያ በል።»

እሺታ ጻፈ። 62። 71.2። 80። የወንድሙ ላይ ሲደርስ «ተኩል» የምትለዋን ቃል አጥፍቶ ነጥብ አምስት አደረጋት። የክብደቱን ቦታ ወደ ቁጥር መለሰው፤ ፕሮሲጀሩም ቁጥር ካልሆነ በቀር እንዳይቀበል፣ ባዶም እንዳያደርግ፣ ጮኾ እንዲያቆም አድርጎ አሰረው። ጥበቃውን በሩ ላይ መለሰ ማለት ነው። የሦስተኛው ዙር ደወል ሲደወል ማተሚያው መንጫጫት ጀመረ።

አንደኛ፦ 49.5 ከ51። መጨረሻ ላይ፦ 92 ከ108።

ወረቀቱን ይዞ ሮጠ። «ጌታዬ! ወረቀቱ! አዲሱ ወረቀት!» ሊቀ መንበሩ ግን አንድ እጃቸው ጆሯቸው ላይ፣ በሌላው እጃቸው ከእናቱ ጋር ይጓተታሉ፤ የሚሰማ የለም። ዳኛው ሊቀ መንበሩን ያያል፤ ሊቀ መንበሩ ዳኛውን አያዩም። ትንኝ ሁለት እጁ ወርዶ፣ አንድ ዓይኑ ተዘግቶ፣ በእግሩ የቆመው በእልህ ብቻ ነበር። ክሬን ቀኙን ወደ ኋላ ሳበ።

እሺታ በገመዱ ሥር ተንከባሎ ገባ። ወረቀቱን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጎ በሁለቱ መሃል ቆመ።

«ቁም!» አለ።

ክሬን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ቡጢው መንጋጋውን ሲያገኘው እሺታ ከመሬት ተነሳ። መብራቱን አየ፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ አየ፣ የገዛ ሁለት ጥርሶቹን ከፊቱ ሲቀድሙት አየ። ከዚያ የሪንጉ ወለል መጣ። በጀርባው ተኝቶ፣ አፉ ውስጥ የብረት ጣዕም እየሞላ፣ እጁን ግን አላወረደም፤ ወረቀቱ እንደተዘረጋ ነበር።

መዛኙ ገብተው ወረቀቱን ከጣቶቹ መሃል አላቀቁና ወደ ሊቀ መንበሩ ወሰዱት። ደም ነክቶታል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል።

«ከማሽኑ የወጣ ነው፤» አሉ።

ሊቀ መንበሩ አገላበጡት። አዲስ ወረቀት አሮጌውን ይሽራል ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ በሩ ላይ ሕጉን ያስለጠፉትም ራሳቸው። «የሰው እጅ...» ብለው ጀመሩና የእሺታን መንጋጋ፣ የትንኝን ፊት፣ የእናትየዋን ሁለተኛ ጫማ አዩ። እናትየዋ እያወለቀችው ነበር።

«ቁም፤» አሉ። «ተሽሯል።»

ክሬን ያኔ ዓይኑን ገለጠ። ወለሉ ላይ የወደቀውን ሲያይ ግዙፉ ሰውዬ ጓንቱን አፉ ላይ አድርጎ «ይሄ ማነው?» አለ። «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

ትንኝ ከሦስት የተሰበረ የጎድን አጥንትና ከዚያ ወዲያ ሰምቶ ከማያውቅ አንድ ጆሮ ጋር በሕይወት ወደ ቤት ገባ። የእሺታ መንጋጋ ሁለት ቦታ ተሰብሮ በሽቦ ታሰረ። እናቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ይዘኸው ግባ አልኩህ እንጂ አብረህ ግጠም አልኩህ?» አለችና ግንባሩን ሳመችው።

በአራተኛው ሳምንት ወደ ሥራ ሲመለስ ሽቦው ገና አልተፈታም። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሰልፉ ረዝሟል፤ እሺታ ሚዛን ክፍሉ ውስጥ ከመዛኙ ጎን ተቀምጧል። ክሬን ሚዛን ላይ ወጣ። መሬት መሬት ያያል። መዛኙ ሚዛኑን አዩ፣ ሰውየውን አዩ፣ አሰቡና በአንዲት ጣታቸው «109 ከነጸጸቱ» ብለው ጻፉ።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ትልቁ ስክሪን ከዳር እስከ ዳር ቀይ ለበሰ።

ሊቀ መንበሩ በሩን በእርግጫ ከፍተው ገቡ። «ምን ብዬህ ነበር? ይሄን ቀይ ነገር ምን ብዬህ ነበር? አጥፋው! አሁኑኑ!» ኮሌታውን ያዙት። «እሺ በል!»

እሺታ አፉን ከፍቶ ያን ቃል ማለት አይችልም ነበር። ቢችልም ግን አላለም፤ ጭንቅላቱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ቀስ ብሎ ነቀነቀ። ሊቀ መንበሩ እጃቸውን አነሱ። ክሬን ከሚዛኑ ሳይወርድ አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። የሊቀ መንበሩ እጅ አየር ላይ ቆየ፤ ኋላ ጆሯቸውን ለማከክ ወረደ።

መዛኙ ተነፈሱ። በዚያችው ጣታቸው ከመጨረሻው ፊደል ጀምረው አንድ በአንድ ሰረዙ። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ማሽኑ 109ን ተቀበለ፤ ቀዩም ጠፋ።

«ጸጸቱን የት ልጻፈው ታዲያ?» አሉ ሽማግሌው።

እሺታ ብዕር አንስቶ አሮጌ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈላቸው፦ «ለሱ ሌላ ቦታ እሠራለሁ።»